«አስወልቃችሁ ኑ»

ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ ራሷን ስታ የወደቀችው የካቲት ውስጥ ነው፤ ማክሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አካባቢ። የክፍል ኃላፊዋ ደውላ «አይደንግጡ፣ አሁን ደህና ናት» ስትለኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ስደርስ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ የሆነችውን ሁሉ ከጓደኞቿ አፍ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ትሰማ ነበር። ተዝለፍልፋ ወድቃ፣ እጅና እግሯ አንድ ደቂቃ ያህል ተንቀጥቅጧል። ምላሷን ነክሳ ስለነበር ደሙ በጥርሷ ብረቶች መካከል ገብቶ ደርቋል። ያን ዕለት ማታ በለስላሳ ብሩሽ አንድ በአንድ ሳጸዳላት፣ እነዚያ ብረቶች በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት የቤታችን ዋና መነጋገሪያ ይሆናሉ ብዬ አላሰብኩም።

ያኔ 15 ዓመቷ ነበር። ብሬስ፣ ማለትም ጥርስ የሚያስተካክሉትን ብረቶች፣ ካሰረች 14 ወር ሆኗታል። የላይኛው የፊት ጥርሶቿ ተደራርበው ስለበቀሉ ስትስቅ አፏን በእጇ ትከልል ነበር፤ ፎቶ ስትነሳ ከንፈሯን ገጥማ ትቆም ነበር። ገንዘቡ የእቁብ ገንዘብ ነው። ዕጣው ሲወጣልኝ ለቤት ጥገና አስቤው የነበረውን ትቼ ለጥርሷ ስከፍል ብዙ ሰው «ለጥርስ ይህን ያህል?» ብሎኛል። ብሬሱ በታሰረ በስድስተኛው ወር ግን ልጄ ልደቷን ስታከብር ጥርሷን ገልጣ የሳቀችበት ፎቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው በመስኮት በኩል «አስወልቃችሁ ኑ» ሲል ምን እንድናወልቅ እየጠየቀን እንደሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

የነርቭ ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው። የአንጎሏን የኤሌክትሪክ ምርመራ ካየ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ መንቀጥቀጥ የሚጥል በሽታ ነው ለማለት እንደማያበቃ፣ ነገር ግን አንጎሏ ውስጥ ጠባሳ ወይም ሌላ ነገር አለመኖሩን ማየት እንዳለበት ነገረን። «ኤምአርአይ ትነሳ» ብሎ የማዘዣ ወረቀት ሰጠን፤ በብርቱ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ በሥዕል የሚያሳይ ምርመራ ነው። በእኛ አገር ሰው ራጅም ይነሳል፣ ኤምአርአይም ይነሳል፤ ልክ እንደ ፎቶ። ይህ አነጋገር እውነትነት አለው፤ ኤምአርአይ ዞሮ ዞሮ የሥዕል ጉዳይ ነውና። ይህን የተረዳሁት ግን ብዙ ከተንከራተትኩ በኋላ ነው።

የምርመራ ማዕከሉ መዝጋቢ ወረቀታችንን ተቀብላ ስትጽፍ ቆይታ ቀና አለች። ልጄ ያኔ ለጥያቄ መልስ ለመስጠት አፏን ከፍታ ነበር።

«ጥርሷ ላይ ያለው ብረት ነው?»

«አዎ፣ ብሬስ ነው።»

«በዚህ አትገባም። አስወልቃችሁ ኑ።»

ወረቀቱን መለሰችልን። ከኋላችን ሰልፍ ነበር። አንድ ከክፍለ ሀገር የመጡ የሚመስሉ፣ ጋቢ የለበሱ አባት «ልጄ፣ ማግኔቱ ይነቅለዋል መሰለኝ፤ ቢወልቅ ይሻላል» ብለው በርኅራኄ አዩን። ልጄ እስከ ታክሲው ድረስ አፏን አልከፈተችም። ታክሲው ውስጥ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዓመት በፊት እንደምታደርገው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስልኬን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ፤ በሌሊት የሚነበብ ነገር ደግሞ ክፉ ክፉው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በኒውዮርክ ግዛት አንድ የ6 ዓመት ሕፃን ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ ወደ ክፍሉ የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ በመምታቱ ሕይወቱ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2025ም እዚያው ኒውዮርክ ውስጥ አንገቱ ላይ ወደ 9 ኪሎ የሚመዝን የብረት ሰንሰለት ያደረገ ሰው ወደ ክፍሉ ገብቶ በማግኔቱ ተጎትቶ ሞቷል። የመጀመሪያውን ያን ሌሊት ሳነብ ያቺ መዝጋቢ ልክ ናት አልኩ። ልጄ በተኛችበት አልጋ ጫፍ ተቀምጬ፣ ነገ ጠዋት ሄደን እናስወልቀዋለን፣ ጥርስ ለአንጎል አይቀድምም ብዬ ወሰንኩ።

ጠዋት የጥርስ ሐኪሟ ጋር ሄድን። ነገሩን ስነግራት ጓንቷን አውልቃ አጠገባችን ተቀመጠች።

«ማን ነው አስወልቁ ያላችሁ? ሥዕሉን የሚያነበው ሐኪም ነው ወይስ በመስኮቱ ያለችው ልጅ?»

«በመስኮቱ ያለችው።»

«ምን ሊሆን ይችላል ብላ?»

መልስ አልነበረኝም። አልጠየቅኳትም። ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነበር። «ብረት አለባት፣ አትገባም» የሚለው አነጋገር ሁለት ጨርሶ የማይገናኙ ስጋቶችን በአንድ ከረጢት ጨምሮ ያስራል። አንዱ፣ ብረቱ ልጄን ይጎዳት ይሆን? የሚል ነው። ሌላው፣ ብረቱ ሥዕሉን ያበላሸው ይሆን? የሚል ነው። የመጀመሪያው የደኅንነት ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የምርመራው ጥራት ጥያቄ። መልሳቸው የተለያየ ነው፤ የሚመልሷቸውም ሰዎች የተለያዩ ናቸው። ሁለቱ ሲደባለቁ ወላጅ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አደጋ።

ሐኪሟ መሳቢያዋን ከፍታ ብሬስ ማለት አንድ ዕቃ እንዳልሆነ አሳየችን። በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ትንሹ ብረት ብራኬት ነው፤ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ከብረት ይሠራል፣ ከሴራሚክ ይሠራል፣ ከቲታኒየምም ይሠራል። መንጋጋ ጥርስን እንደ ቀለበት የሚከብ ሌላ ክፍል አለ። በሁሉም ላይ የሚያልፈው ሽቦ ደግሞ እንደ ሕክምናው ደረጃ ይቀያየራል። የልጄ ብራኬቶች ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ የላይኛው ሽቦ የማይዝግ ብረት፣ የታችኛው ግን ኒኬልና ቲታኒየም የተቀላቀለበት ነው።

«የማይዝግ ብረት ማግኔት ይይዘዋል አይይዘውም?» ብዬ ጠየቅኳት።

መልሱ ወጥ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ማቀዝቀዣ ላይ የሚለጠፈውን ማግኔት ወስዳችሁ ድስቶቻችሁ ላይ ብትሞክሩት አንዱ ላይ ይይዛል፣ ሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ሁለቱም ግን የማይዝግ ብረት ናቸው። ለጥርስ ዕቃ የሚውለው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ክሮሚየምና ኒኬል ስለሚገባበት ማግኔት ብዙም አይስበውም። ነገር ግን ያው ብረት ቀዝቃዛ እንደሆነ ተጎትቶ ቀጭን ሽቦ ሲሆን ውስጣዊ አደረጃጀቱ በከፊል ይለወጥና የመሳብ ባሕርይ ያመጣል። ስለዚህ ከብራኬቱ ይልቅ የብረት ሽቦው ይሳባል። የኒኬልና የቲታኒየሙን ሽቦ ማግኔት አይስበውም። የቤት ማግኔት ይዞ የልጅን ጥርስ መፈተሽ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ የምርመራው ማግኔት ከዚያ ከመቶ ጊዜ በላይ ይበረታል።

ስለ ብርታቱ ካነሳሁ አይቀር፣ በሆስፒታሎች የተለመዱት ማሽኖች 1.5 ቴስላ ወይም 3 ቴስላ ናቸው፤ ቴስላ የማግኔት ብርታት መለኪያ ነው። አነስተኛው እንኳ ኮምፓስ ከሚያዞረው ከምድራችን ማግኔት ከ30,000 እጥፍ በላይ ነው። ደግሞም አይጠፋም። ማግኔቱ በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ቀዝቅዞ ሌሊትም እሑድም ይሠራል፤ መብራቱ ጠፍቶ ክፍሉ ባዶ ሲሆንም እንዲሁ። ሲሊንደሩንና ሰንሰለቱን የጎተተው ይህ ነው። ነገር ግን የሁለቱን አደጋዎች ታሪክ በቀን ብርሃን ደግሜ ሳነበው አንድ ነገር አየሁ። ሁለቱም ከውጭ የገቡ፣ ከባድና በምንም ያልተያዙ ብረቶች ናቸው። ማግኔቱ አጥብቆ የሚጎትተው በማሽኑ አፍ አካባቢ፣ ጉልበቱ በአንድ እርምጃ ውስጥ ከደካማ ወደ ብርቱ በሚሸጋገርበት ቦታ ነው። መሐሉ ላይ፣ በሽተኛው በሚተኛበት ቦታ፣ ጉልበቱ ብርቱ ቢሆንም ወጥ ስለሆነ መጎተቱ ይቀንሳል።

በጥርስ ላይ በማጣበቂያ የተያዘ፣ ክብደቱ ከአንድ ግራም በታች የሆነ ብራኬት ከዚህ ጋር አይነጻጸርም። ሐኪሟ የተናገረችውን አልረሳውም፤ «ልጅሽን ቆሎ አትብዪ ያልኳት ለምን ይመስልሻል? ቆሎ ብራኬት ይነቅላል። ማጣበቂያው በየቀኑ የሚችለው የማኘክ ጉልበት ማሽኑ በዚህች ብረት ላይ ከሚያሳርፈው እጅግ ይበልጣል።» ልጄ ያን ጊዜ ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ቆሎ በድብቅ እንደምትበላ ሦስታችንም እናውቃለን።

ሌላው ፍርሃቴ ሙቀት ነበር። ማሽኑ የሬዲዮ ሞገድ ስለሚልክ ብረት ሊሞቅ ይችላል፤ ይህ እውነት ነው። በ1.5 እና በ3 ቴስላ ማሽኖች ብራኬትና ሽቦ ተፈትሾ የተገኘው ሙቀት ግን በአመዛኙ ጥቂት ዲግሪ ቢደርስ ነው፤ ትኩስ ሻይ ስንጠጣ አፋችን ከሚሰማው ያነሰ። ጨረርም የለበትም። ሰው ሁሉ «ጨረር» ይለዋል፣ ነገር ግን ራጅና ሲቲ ስካን የሚጠቀሙበት ዓይነት ጨረር ኤምአርአይ ውስጥ የለም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አገኘ። በደንብ የተጣበቀ ብሬስ ልጄን አይጎዳትም። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ቀረ፤ እሱን ደግሞ የጥርስ ሐኪሟ «የእኔ አይደለም» አለች። «ሥዕሉን የሚያነበውን ራዲዮሎጂስት ጠይቂ። እሱ ብራኬቶቹ ይነሱ ካለ እኔ ራሴ አነሳቸዋለሁ። ግን አፏ ውስጥ ምን እንዳለ ጽፌ እሰጥሻለሁ፤ ሳያውቅ እንዳይወስን።» ማኅተም ያለበት ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ጻፈችልን።

ደብዳቤውን ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ መስኮቱ ጋር አልተከራከርኩም፤ ራዲዮሎጂስቱን ማነጋገር እንደምፈልግ ብቻ ተናግሬ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ። መጨረሻ ላይ ወጣት ሐኪም ወጣ። ደብዳቤውን ቆሞ አነበበና «ይህንን ማንም አምጥቶልኝ አያውቅም» አለኝ። ከዚያም ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠኝና ስም የሌለበት የሌላ ሰው ሥዕል አሳየኝ። ዓይኔ እስከ ዛሬ ያየዋል። የአንድ ሰው ጭንቅላት ከጎን ተነስቷል። አንጎሉ እጥፋቱ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል፤ አንገቱ ይታያል። አፍና አፍንጫ መሆን በነበረበት ቦታ ግን ጥቁር ጉድጓድ ነበር፤ ዙሪያውን ነጭ ብርሃን ከቦታል። ፊቱ በእሳት የተበላ ወረቀት ይመስላል።

«ይህ ሰው ምንም አልሆነም። ብሬስ ነበረው፣ ተነሳ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። የተጎዳው ሥዕሉ ነው» አለኝ።

ለምን እንደሆነ ያስረዳኝ በሬዲዮ ምሳሌ ነው። በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን በ1.5 ቴስላ ማግኔት ውስጥ ሲሆን በሰከንድ ወደ 64 ሚሊዮን ጊዜ ይሽከረከራል። ይህ እኛ የምንሰማው ኤፍኤም ከሚጀምርበት ከ88 ሚሊዮን ዝቅ ያለ ማለት ነው፤ በ3 ቴስላ ደግሞ ወደ 128 ይወጣል፣ ከኤፍኤሙ በላይ። የከተማው ሬዲዮ እንዳይገባበት ክፍሉ ዙሪያውን በመዳብ የተሸፈነው ለዚህ ነው። ማሽኑ ለእያንዳንዱ የጭንቅላት ክፍል በጥቂቱ የተለየ ሞገድ ይሰጠዋል፤ ለጣቢያዎች ቁጥር እንደሚታደል። ከዚያ በ97.1 የመጣው ድምፅ ከዚህ ቦታ ነው፣ በ98.1 የመጣው ከዚያ ነው እያለ ሥዕሉን ይገነባል። ብረት አጠገቡ ሲኖር ማግኔቱን ያጣምመውና በዙሪያው ያለው ውኃ በሌላው ቁጥር መናገር ይጀምራል። ማሽኑም ያልነበረበት ቦታ ላይ ይስለዋል፤ ወይም ድምፁ ጨርሶ ይጠፋል። ጥቁሩ ጉድጓድ ያ የጠፋ ድምፅ ነው።

«እንግዲህ የእኔ ጥያቄ አንድ ነው» አለ ሐኪሙ፤ «ማየት የምፈልገው ቦታ ከጉድጓዱ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ?»

ይህችን ጥያቄ ብሬስ ያሰረ ሰው ሁሉ፣ ልጁን ያሳሰረ ወላጅ ሁሉ ቢይዛት ደስ ይለኛል። ጉልበቱን ወይም ወገቡን የሚነሳ ሰው ጥርሱ ላይ ያለው ብሬስ ለሥዕሉ ምንም አይደለም፤ ጉድጓዱ ፊት ላይ ነው፣ ጉልበት ከዚያ ሩቅ ነው። የመንጋጋ መገጣጠሚያ፣ ምላስ፣ የዓይን ጉድጓድና የዓይን ነርቭ፣ ወይም ከአንጎል ሥር ያለው የፒቱታሪ ዕጢ የሚታይ ከሆነ ግን ብረት ብራኬቱ ልክ የሚፈለገውን ቦታ ሊሸፍን ይችላል፤ ያኔ ማስወለቁ ተገቢ ነው፣ እኔም ያለ ክርክር እሄድ ነበር። በመሐል ያለው የእኛ ጉዳይ ነበር። የሚፈለገው ከጆሮ ወደ ውስጥ ያለው፣ ከመርሳትና ከማስታወስ ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል ነው፤ መንቀጥቀጥ ለመጣበት ሰው መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው። ከጥርስ ራቅ ይላል፣ ግን የግንባር ሥር የሆነው የአንጎል ክፍል ሊደበዝዝ ይችላል። ሐኪሙ ሽቦዎቹ ብቻ ይውጡ፣ ብራኬቶቹ ይቆዩ አለ። በቂ ሥዕል ካልተገኘ እንደገና እንነጋገራለን።

አንድ ሌላ ነገርም ነገረኝ፤ እኔ በተቃራኒው አስብ ነበር። እዚያው ከተማ ውስጥ የበለጠ ጠንካራ ማሽን ያለበት ቦታ እንዳለ ሰምቼ፣ ገንዘብ ጨምሬ ወደዚያ ልውሰዳት ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ለእሷ 1.5 ይሻላል» አለ። ማግኔቱ በበረታ ቁጥር ብረቱ የሚያጣምመውም ይብሳልና። ውድ የሆነው ሁልጊዜ የተሻለ የሚመስለን ሰዎች ይህን ብንሰማ ጥሩ ነው።

ሽቦዎቹን ማውጣት አሥር ደቂቃ አልፈጀም። በየብራኬቱ ላይ ያሉት ትንንሽ ላስቲኮች ይነሳሉ፣ ሽቦው ከጫፉ ተይዞ ይሳባል፣ አለቀ። ሐኪሟ እያንዳንዱን ብራኬት በጣቷ እየነካች የላላ አለመኖሩን አረጋገጠች። ብራኬቶቹን ራሳቸውን ማንሳት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ በጉጠት ይነሳሉ፣ የቀረው ማጣበቂያ ይፋቃል፣ የጥርሱ ልባስ ላይ ጫና አለ፣ ከዚያ እንደገና ሁሉም ከመጀመሪያው ይለጠፋል፤ ይከፈልበታልም። «አስወልቃችሁ ኑ» የሚለው አፍ በዚህ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ አለበት፤ ይህን የምለው በቁጣ ነው። እኔ አዲስ አበባ እኖራለሁ፤ ሐኪሜ ሁለት ታክሲ ነው። ከጎንደር ወይም ከመቱ ልጁን ይዞ የመጣ፣ አልጋ ተከራይቶ ተራ የሚጠብቅ አባት በዚያ መስኮት ሲመለስ ወዴት ይሄዳል? በችኮላ ያገኘው ሰው ጋር ሄዶ ያስነቅለዋል፤ የአንድ ዓመት ሕክምና ጠፋ ማለት ነው። ወይም ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ምርመራውን ይተወዋል፤ ይሄኛው ይብሳል።

በቀጠሮው ቀን እናቴም አብራን መጣች። ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ ልጄን ጠበል ስታመላልሳት ቆይታለች፤ እኔም አልከለከልኳትም፣ ሐኪሙም አልከለከለም። ወደ ክፍሉ እኔ ልግባ አለች፤ እጇን ልያዝላት። የማሽኑ ባለሙያ የሆነው ወጣት ታዲያ አብሮ የሚገባም ሰው እኩል እንደሚጠየቅ በትሕትና ነገራት።

«እናቴ፣ በልብዎ ላይ የተተከለ ማሽን አለ? በሰውነትዎ ውስጥ የቀረ ጥይት ወይም ፍንጣሪ? ዓይንዎ ውስጥ ብረት ገብቶ ያውቃል? ንቅሳት አለዎት?»

እናቴ አንገቷንና ድድዋን አሳየችው። የጎንደር ልጅነቷ እዚያ ላይ ተጽፏል። ወጣቱ አንዳንድ የዘመኑ የንቅሳት ቀለሞች ብረት ስላለባቸው በማሽኑ ውስጥ ሊሞቁ እንደሚችሉ፣ የእርሷ ግን በጥላሸት የተነቀሰ ስለሆነ ከዚያ እንደሚለይ አስረዳት። ከዚያ የልጄን አንገት አየ። ማተቧ ላይ የአያቷ ስጦታ የሆነች ትንሽ የብር መስቀል ነበረች።

«ማተቡ ይቆረጥ አትበለኝ፣ ልጄ» አለች እናቴ። ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ።

«አይቆረጥም፣ እናቴ። ክር ነው፣ ክር ምንም አይሆንም። መስቀሏን ብቻ እርስዎ ይያዙላት።»

መስቀሏን ከክሩ ላይ ፈትቶ በእናቴ መዳፍ አስቀመጠላት። እናቴ ጨብጣው ውጭ ቀረች፤ እኔ ገባሁ። ያ ወጣት ስንት ሰው እንደሚያስተናግድ አላውቅም፤ ለእኛ የሰጠን ግን ሦስት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ሦስት ደቂቃ በቂ እንደሆነም ያየሁት ያኔ ነው። በሩ ላይ ምልክቶች ተለጥፈዋል። አረንጓዴ አራት ማዕዘን ይግባ ማለት ነው፤ በቀይ ክብ የተሰረዘው አይግባ ማለት ነው፤ ቢጫ ሦስት ማዕዘን በሁኔታ ይግባ ማለት ነው። የብሬስ ነገር ከቢጫው ጋር ይመሳሰላል። ጥያቄ ይፈልጋል። በአፍ ውስጥ የሚገባና የሚወጣ የጥርስ ፕሌት፣ ከፊት ውጭ የሚታሰር የብረት ማቀፊያ፣ በማግኔት የሚያዝ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር ከበሩ ውጭ ይቀራል።

ጆሮዋ ላይ መከላከያ አደረጉላት፣ በእጇ የምትጨምቀው የላስቲክ ፊኛ ሰጧት፤ የሚያቃጥል ወይም የሚጎትት ነገር ከተሰማት እንድትጨምቀው። ማሽኑ መዶሻ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ያንኳኳል። እግሯን ይዤ 35 ደቂቃ ቆምኩ፤ ፊኛውን አልጨመቀችም። ስትወጣ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ጥርሷ ነበር። «ትንሽ ንዝረት መሰለኝ፣ ምናልባትም ድምፁ ነው» አለች። ሃያ ስምንቱም ብራኬቶች በቦታቸው ናቸው።

ራዲዮሎጂስቱ ሥዕሉን አሳየኝ። ጉድጓዱ እዚያ ነበር፣ አፏ ላይ፤ ደንግጬ ነበር፣ የራስ ልጅ ሲሆን ሌላ ነው። በአንደኛው የሥዕል ዓይነት ግንባሯ እንደ ሊጥ ተለጥጦ ወደ ፊት ወጥቷል። ያንን ለፍርድ እንደማይጠቀምበት ነግሮኝ ሌሎቹን ዓይነቶች አቀረበ፤ ብረት ያለበትን ሰው የሚታገሡ አነሳሶች አሉ፣ ጊዜ ይወስዳሉ እንጂ። የሚፈለገው ቦታ ግራና ቀኝ፣ እኩል፣ ጥርት ብሎ ታየ። ጠባሳ የለም። እናቴ ኮሪደሩ ላይ እልልታዋን በነጠላዋ አፍና ዋጠችው።

በማግስቱ ሽቦው ተመለሰ። የታችኛውን ሐኪሟ በአዲስ ተካችውና አሮጌውን ለልጄ ሰጠቻት። ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ምን እንደምትሠራበት አየሁ። በረዶ ውኃ ውስጥ ነክራ በጣቷ አጣመመችው፤ እንደ ክር ለስልሶ እንዳጣመመችው ቀረ። ከዚያ የሻይ ብርጭቆዬ ውስጥ ጣለችው። ብድግ ብሎ ተነሳና የጥርሷን ቅስት መልሶ ሠራ። ይህ ብረት ቅርጹን ያስታውሳል። በአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መሣሪያ ቤተ ሙከራ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዊልያም ቡለር የሚባል ሰው ለሌላ ሥራ የቀመመው ነው፤ ወደ ጥርስ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአይዋ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ አንድሪያሰን ነበር። አፍ ውስጥ ሞቅ ሲለው ወደ ቅርጹ ሊመለስ ይጎትታል፤ ጥርስም አብሮት ይሄዳል። ልጄ ይህን ሁሉ ራሷ አንብባ ነገረችኝ። በብርጭቆው ላይ አጎንብሳ አራት አምስት ጊዜ ደጋገመችው።

የነርቭ ሐኪሙ ከዓመት በኋላ ምናልባት እንደገና ትነሳለች ብሎናል። ያኔ ብሬሱ ላይኖር ይችላል፤ ግን ከጥርሷ ጀርባ የሚለጠፍ ቀጭን መያዣ ሽቦ ይኖራል፣ እሱም መነገር አለበት። ልጄ ከደብተሯ ላይ ትንሽ ወረቀት ቀድዳ፣ በዚያ በተጨናነቀ የእጅ ጽሑፏ ጻፈችበት፤ ብራኬት፣ የማይዝግ ብረት፣ 28። የላይ ሽቦ፣ የማይዝግ ብረት፣ ይወጣል። የታች ሽቦ፣ ኒኬል ቲታኒየም፣ ይወጣል። ከሥሩ የጥርስ ሐኪሟን ስልክ ጨመረችና ወረቀቱን አጣጥፋ በስልኳ ሽፋን ውስጥ አስገባችው፤ አያቷ የሰጠቻት ትንሽ የማርያም ሥዕል ካለችበት ጎን።